ጄምስ ብሩስና የጨለማው ሣጥን

ካሜራ የያዘ ወጣት ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ሥዕሉ ጥርት ብሎ እንዲወጣለት ነው። የሽማግሌው ግንባር ሽብሽብ አንድ በአንድ እንዲቈጠር፣ የቅጠሉ ጅማት እንዲታይ፣ የፏፏቴው ጠብታ ከጠብታ እንዲለይ ይፈልጋል። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ዲጂታል ካሜራ የገዛው ሰው እንኳ ከጢስ ዓባይ ተመልሶ ሥዕሎቹን በኮምፒዩተር መስኮት ላይ አስፍቶ ሲመለከታቸው፣ በካሜራው ትንሽ መስኮት ያማረው ሥዕል ደብዝዞ፣ የዓለቱ ጠርዝ ከጭጋጉ ጋር ተደባልቆ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ካሜራውን ይወቅሳል፤ ሌላ ውድ ሌንስ ለመግዛትም ያስባል።

ለመሆኑ ጥርት ያለ ሥዕል ከምን ይገኛል? ከመሣሪያው ነው፣ ከእጅ ነው፣ ወይስ ከተመልካቹ ልብ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚረዳን አንድ ሰው አለ። እሱም ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ አስቀድሞ የካሜራን አያት አስጭኖ በሰሜን አፍሪካ የዞረው፣ በኋላም ጢስ ዓባይን አይቶ እስከ ግሽ ዓባይ ምንጭ ድረስ የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ስሙን በታሪክ ትምህርት ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ሣጥኑን ግን የሚያውቁለት ብዙዎች አይደሉም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ትውልዱና ሐዘኑ

ብሩስ የተወለደው በስኮትላንድ አገር፣ ኪኔርድ በሚባለው የአባቱ ርስት፣ በዲሴምበር 14 ቀን 1730 ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ሞተችበት። በእንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀመረ፤ ነገር ግን የሕግ መጽሐፍ ከቶ አልጣመውም። ቁመቱ ከብዙዎች በላይ ዘለግ ያለ፣ ጠጕሩ ቀይ፣ ቍጣው ቶሎ የሚነድ፣ ፈረስ ግልቢያና አደን የሚወድ ጐልማሳ ነበረ።

በ1754 ከወይን ጠጅ ነጋዴ ቤተ ሰብ የተወለደችውን አድሪያና አለንን አገባ፤ እሱም በዚያው ንግድ ገባ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በኋላ ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ታመመች። አየሩ ወደሚሻላት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሲወስዳት ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ዕድሜው ገና 24 ዓመት አልሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ንግዱ ሰለቸው። በስፔንና በፖርቱጋል ዞረ፤ ዓረብኛ ተማረ፤ ግዕዝንም ከመጻሕፍት አጠና። በ1758 አባቱ ሲሞት ርስቱን ወረሰ፤ ከመሬቱ የሚወጣውንም የድንጋይ ከሰል ለካሮን የብረት ፋብሪካ መሸጥ ያዘ። የጉዞው ስንቅ የተገኘው ከዚህ ከሰል ነው።

በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆኖ ሥራውን ጀመረ። ከዲፕሎማቲክ ሥራው ሌላ አንድ ተግባር ነበረው፤ ይኸውም በሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ ፈርሰው የቀሩትን የሮማውያን ሕንጻዎች እየዞረ ሥዕላቸውን አንሥቶ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ማቅረብ ነው። ሣጥኑ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሣጥኑ እንዴት ይሠራ ነበር?

ብሩስ ራሱ ባሰበው አኳኋን በለንደን ያሠራው ይህ መሣሪያ የላቲን ስሙ ካሜራ ኦብስኩራ ሲሆን ትርጓሜው ጨለማ ክፍል ማለት ነው። ዛሬ ካሜራ የምንለው ቃል የወጣው ከዚሁ ስም ነው። ስድስት ማዕዘን ያለው፣ ወርዱ ስድስት ጫማ ያህል የሆነ፣ ጣሪያው እንደ ጎጆ ክዳን የሾለ ነበረ። ለጉዞ ሲፈለግ ይታጠፋል፤ ሥራ ሲሆን ይዘረጋል። ሠዓሊው ከውጭ ሳይታይ በውስጡ ይቀመጣል። እንዲህ ባለው መሣሪያ ብርሃን ከላይ በመስተዋትና በሌንስ አማካይነት ይገባና በጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ወረቀት ላይ የውጭውን ዓለም ይጥለዋል። ዓምዱ፣ ቅስቱ፣ የሚያልፈው የደመና ጥላ ሳይቀር በወረቀቱ ላይ ይታያል። ሠዓሊው የሚቀረው መስመሩን በእርሳስ መከተል ነው። በዚህ ዓይነት መካከለኛ ችሎታ ያለው ሰው እንኳ ብርቱው ሠዓሊ ብዙ ሰዓት የሚፈጅበትን ሥራ በአጭር ጊዜ ይፈጽም ነበር።

የዚህ ዘዴ ሥረ መሠረት ከብሩስ ብዙ መቶ ዓመታት የቀደመ ነው። ከ965 እስከ 1040 ገደማ የኖረው የባስራው ሊቅ ኢብን አል ሃይሠም፣ በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ የፀሐይዋ ማጭድ መሳይ ቅርጽ በግድግዳው ላይ እንደሚታይ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ያው ቅርጽ ጠፍቶ ክብ ብርሃን ብቻ እንደሚቀር መርምሮ ጽፏል። የሚገርመው ነገር ይህ ሊቅ ወደ ግብፅ የተጠራው የዓባይን ጎርፍ እንዲገራ መሆኑ ነው። ወንዙን አይቶ ሥራው እንደማይቻል ተረዳ፤ ነገር ግን የብርሃንን ጠባይ ለዓለም አስተማረ። የቀዳዳው ስፋትና የሥዕሉ ጥራት የተያያዙ መሆናቸውን ከእርሱ ጊዜ ጀምሮ ያወቅነው ነው።

ባለሙያዎች ለብዙ ጊዜ የያዙት፣ አንድ ሌንስና አንድ መስተዋት ያለው ዲጂታል ካሜራ የዚያው ሣጥን የልጅ ልጅ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ በቆመ መስተዋት ላይ ያርፋል፤ መስተዋቱም ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ብዙ ገጽ ያለው መስታወት ደግሞ ሥዕሉን አቅንቶ ወደ ዓይን ያደርሰዋል። ቍልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ ብርሃኑም ወረቀትና እርሳስ በነበሩበት ቦታ በተተካው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ዲጂታል ካሜራ በ1991 የኮዳክ ኩባንያ በኒኮን ካሜራ ላይ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው ነው። ከብሩስ ሣጥን እስከዚህ ድረስ 220 ዓመት የማያንስ ጊዜ አልፏል፤ የብርሃኑ ሕግ ግን ያው ነው።

ባሉጋኒ የተባለው ሠዓሊ

ሣጥን ብቻውን አይሥልም። ብሩስ ከጣሊያን አገር፣ ከቦሎኛ ከተማ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ቀጥሮ አስመጣ። ባሉጋኒ የተወለደው በ1737 ሲሆን የሕንጻ ሥዕል የተማረ፣ እጁ የረጋ፣ ዝምተኛ ሠራተኛ ነበረ። ሁለቱ በ1765 እና በ1766 በአልጀሪያና በቱኒዚያ ፍርስራሾች መካከል እየዞሩ ብዙ ሥዕል አነሡ። ከእነዚህም ውስጥ ለንጉሡ የተሰጡት እስከ ዛሬ በዊንድሶር ቤተ መንግሥት ተጠብቀው ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህ ከፊላቸው ፈርሰው የጠፉ ሕንጻዎች ስለ ነበሩ፣ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይመለከቷቸዋል።

ከዚህ በኋላ መከራ ተከተለ። በሊቢያ ጠረፍ መርከባቸው ተሰበረ፤ ብሩስ በዋና ወጥቶ ነፍሱን አተረፈ፤ በባሕሩ ዳርም በነበሩ ሰዎች ተደብድቦ ተዘረፈ። የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት መሣሪያውም ጠፋ። ይህን የሰማው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በምትኩ ሌላ ከባድ የነሐስ መለኪያ እንዲሰጠው አዘዘ። ብሩስና ባሉጋኒ በሶርያ በኩል የፓልሚራንና የበዓልቤክን ፍርስራሽ ጎብኝተው በ1768 ግብፅ ገቡ። የብሩስ አሳብ አንድ ነበር፤ የዓባይን ምንጭ ማየት።

ወደ ጎንደር

በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሱ። ያን የነሐስ መለኪያ በታራንታ ተራራ አቀበት ላይ ተሸካሚዎቹ አንወስድም ባሉ ጊዜ ብሩስ ራሱ ያሲን ከተባለ የእስላም ባልንጀራው ጋር ተሸክሞ አወጣው። በዓድዋና በአክሱም በኩል አልፈው በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገቡ።

ጊዜው ክፉ ነበረ። በዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው። በቤተ መንግሥት የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ስለ ነበር ብሩስ በቍስቋም የእቴጌ ምንትዋብን የልጅ ልጆች በማከም ባለሟልነት አገኘ። እቴጌይቱና ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር እስከ መጨረሻው ወዳጆቹ ሆኑ። አገሬው ያዕቆብ እያለ ይጠራው ጀመር። አማርኛ ይናገራል፤ ግዕዝ ያነባል፤ ፈረስ ይጋልባል፤ ስለዚህ እንደ ሌላው እንግዳ ከሩቅ አልታየም።

በጢስ ዓባይ ፊት

በግንቦት ወር 1770 የንጉሡ ሠራዊት በደጃዝማች ፋሲል ላይ በዘመተ ጊዜ ብሩስ አብሮ ወጣ፤ ከሰፈሩም ተለይቶ ዓላጣ ወደሚባለው ስፍራ፣ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሄደ። ዝናቡ ጀምሮ ስለ ነበር ወንዙ ሞልቷል። ውኃው ሳይቋረጥ እንደ አንድ ሸማ ተዘርግቶ ሲወርድ ባየ ጊዜ፣ ነጐድጓዱ ራሱን እንዳዞረውና ለጥቂት ጊዜ እንዳፈዘዘው በመጽሐፉ ተርኳል።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ሰው የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ፣ መስመርን በሣጥን የሚያነጥር ሰው ነው። የፏፏቴውን ቁመት ግን የለካው ረጃጅም እንጨቶችን በልዩ ልዩ ስፍራ እያቆመ በግምት ነበረ። የደረሰበትም ቍጥር 40 ጫማ ያህል ነው። ይህ በሜትር 12 ይሆናል። የጢስ ዓባይ ቁመት ግን ከ40 ሜትር በላይ ነው። ስፋቱንም ከግማሽ ማይል በላይ ብሎ ጻፈ፤ ይህም 800 ሜትር ያህል ማለት ነው፤ እንዲያውም በክረምት ሙላት ጊዜ የሚደርስበት ወርድ 400 ሜትር ገደማ ነው። ቁመቱን ከሦስት እጅ ወደ አንድ አወረደው፤ ወርዱን ሁለት እጥፍ አደረገው።

ለምን ተሳሳተ? ዓይን በሚናወጥ ነገር ፊት ይታለላል። የሚወርደው ውኃ መነሻውና መድረሻው በጢስ ተሸፍኗል፤ ጆሮ ደንቍሯል፤ ራስ ዞሯል። ዛሬ በዚያው ስፍራ የሚቆም ካሜራ ያዥ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው፤ የሥዕሉን መደብዘዝ ምክንያት የሚፈልግም ከዚህ ይጀምር።

አንደኛው ምክንያት የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። አንድ የቆየ ደንብ አለ፤ የሌንሱ ርዝመት 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን መዝጊያው ከሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ ለሚበልጥ ጊዜ አይከፈት፤ 50 ቢሆን ከአንድ አምሳኛ አይዘግይ። ከዚህ የዘገየ እንደ ሆነ ባለሦስት እግር መቆሚያ ያስፈልጋል። በመቆሚያ ላይ ሳለም የመስተዋቱ ብድግ ማለት ራሱ ካሜራውን ጥቂት ያናጋዋል፤ ስለዚህ መስተዋቱን አስቀድሞ ማንሣትና በራሱ ጊዜ በሚቆጥረው ቍልፍ ማንሣት ይሻላል።

ሁለተኛው የቀዳዳው ነገር ነው። ሰፊ ቀዳዳ ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ነገር ግን ጥርት ብሎ የሚወጣው በአንድ ርቀት ላይ ያለው ብቻ ሲሆን የፊቱ ሣርና የኋላው ገደል ይደበዝዛሉ። ጠባብ ቀዳዳ የቅርቡንም የሩቁንም ያጠራል። ይሁን እንጂ ጥበት ሁሉ ጥቅም አይሆንም፤ ቀዳዳው እጅግ ሲጠብብ ብርሃን በጠርዙ ላይ ይበተንና ሥዕሉ ሁሉ ይለዝባል። ባለሙያዎች ለአገር ገጽታ ኤፍ 8ን ወይም ኤፍ 11ን የሚመርጡት፣ ወደ ኤፍ 22 የማይቸኩሉትም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የተነጣጠረበት ነጥብ ነው። ካሜራው በራሱ ሲያነጣጥር ብዙ ጊዜ በጢሱ ይታለላል፤ የሚይዘው ጠርዝ ያጣልና። ነጥቡን በጥቁሩ ዓለት ወይም በዛፉ ግንድ ላይ ማሳረፍ ይገባል። አራተኛው ከሁሉ የቀለለው ነው፤ የፏፏቴው ርጭት ሌንሱን ያረጥበዋል። ንጹሕ ጨርቅ በኪሱ ያልያዘ ሰው በውድ ሌንስ ጉም ያነሣል።

የውኃውንም ጠባይ የሚወስነው ባለ ካሜራው ነው። በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ያነሣ እንደ ሆነ ጠብታው በአየር ላይ እንደ ዶቃ ይቆማል፤ በግማሽ ሰከንድ ያነሣው እንደ ሆነ ውኃው የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። ሁለቱም የአንድ ወንዝ ሥዕል ናቸው። ከወቅት ወደ ወቅትም መልኩ ይለያያል። በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ፣ በ2010ም የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የወንዙ ውኃ ሁሉ በገደሉ አይወርድም። ክረምቱ ሲያበቃ የሄደና በበጋ የሄደ ሁለት ልዩ ልዩ ፏፏቴ ይዘው ይመለሳሉ።

ብሩስ ይህን የወቅት ነገር ዘንግቷል። ከእርሱ 140 ዓመት ያህል ቀድሞ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ዠሮኒሞ ሎቦ ከፏፏቴው ሥር፣ ከውኃው መጋረጃ በስተኋላ እንደ ተቀመጠ ጽፎ ነበርና፣ ብሩስ በሙላት ጊዜ ባየው መጠን ይህ ከቶ አይቻልም ብሎ ውሸታም አደረገው። ነገር ግን በዝናብ ጊዜ በውኃ የሚሸፈን የዓለት እርከን በበጋ ሊገለጥ እንደሚችል የወንዝ ዳር ልጅ ያውቃል። አንድ ቀን ያየ ሰው የዓመቱን ሁሉ ያየ አይምሰለው።

በግሽ

ከዘመቻው ተመልሶ ብሩስ በኦክቶበር 28 ቀን 1770 እንደ ገና ከጎንደር ተነሣ። አሁን ከደጃዝማች ፋሲል ጋር ዕርቅ ስለ ሆነ መንገዱ ተከፈተለት። ንጉሡም ግሽን በጉልት መልክ ሰጥተውት ነበር። ወልዶ የተባለ መሪ ይዞ በአገው ምድር በኩል አልፎ በኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም.፣ ዛሬ ሰከላ ወረዳ በሚባለው፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን ባለው ደጋ ላይ ደረሰ።

ምንጩን የሚጠብቁት ሰዎች ጫማውን እንዲያወልቅ ጠየቁት፤ እሱም አወለቀ። በሣር የተከበበችውን ምንጭ ባየ ጊዜ መጀመሪያ ደስታ ሞላው፤ በኮኮነት ቅርፊት ከተሠራ ዋንጫ የዓባይን ውኃ ለንጉሡ ለጆርጅ ጤንነት ጠጣ። ጥቂት ቈይቶ ግን ትካዜ ያዘው። ይህን ያህል መከራ የተቀበለለት ነገር በአገሩ ካሉ ምንጮች የማይበልጥ ትንሽ ውኃ መሰለው፤ የመመለሻውም መንገድ ገና አደገኛ ነው።

ቢሆንም ሥራውን አልተወም። ያን የነሐስ መለኪያ አቁሞ ፀሐይንና ከዋክብትን እየለካ የስፍራውን ኬክሮስ ፈለገ። ያገኘውም ከ11 ዲግሪ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ የማይሞላ ዝቅ ያለ ነው፤ ዛሬ በሳተላይት ከሚታወቀው ብዙ አይርቅም። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ልኬት አደረገ። በእንጨትና በዓይን የለካው ከሦስት እጅ ሁለቱን አጣ፤ መሣሪያ ተክሎ፣ ቆሞ፣ ደጋግሞ የለካው ግን ሁለት መቶ አምሳ ዓመት ያህል ሳይናወጥ ቆየ።

ይህ ምንጭ ለአገሬው አዲስ አልነበረም። የሰከላ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲያከብረው ኖሯል፤ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ትውፊትም ከዚሁ ስፍራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጻድቁ ለወንዙ አደራ የሰጡአቸውን መጻሕፍት ሳይርሱ እንደ መለሰላቸው፣ ግሽ የሚለውም ስም ከዚያ እንደ ወጣ በአካባቢው ይነገራል። ከአውሮፓ ሰዎችም ቢሆን ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በኤፕሪል 1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ አይቶታል። ብሩስ ግን የመጀመሪያው እኔ ነኝ የሚለውን ስም ለመያዝ ሲል የፓኤዝን ምስክርነት ለማፍረስ ብዙ ገጽ ጻፈ።

ከሥዕሉ የወጣው ሰው

ከዚህ የከበደው ነገር የባሉጋኒ ነው። ባሉጋኒ ከብሩስ ጋር ወደ ግሽ ሄዷል፤ የጉዞውንም ውሎ በጣሊያንኛ ጽፏል። ከተመለሱ በኋላ በ1771 መጀመሪያ ላይ በጎንደር ታሞ ሞተ። ዕድሜው 34 ዓመት አልሞላም። ኮሶን፣ እንሰትን፣ ሌሎችንም የአገራችንን ዕፀዋት ቅጠላቸው ከነጅማቱ፣ አበባቸው ከነፍሬው እየለየ የሣለው እሱ ነው። ሥራው ዛሬ በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛል፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም በ1991 በስሙ መጽሐፍ አሳትመውለታል።

ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ተረከ፤ ከሥዕሎቹም ብዙውን የራሱ ሥራ አስመሰለ። በምንጩ ዳር ብቻውን መቆም ፈለገ። እውነቱ የተገለጠው ብሩስ ከሞተ በኋላ ነው። በ1805 አሌክሳንደር መሪ የተባለ የቋንቋ ሊቅ መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሳትም የባሉጋኒን የጉዞ ማስታወሻ ከወረቀቶቹ ውስጥ አግኝቶ አወጣው። የሠዓሊው የእጅ ጽሑፍ ጌታው የሰወረውን መሰከረ።

ዛሬ በኮምፒዩተር ከፎቶግራፍ ውስጥ ሰው ማውጣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኗል። የቀረው ሥዕል ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ጠርዙም የሚያስነቅፈው አይኖር ይሆናል። ሆኖም ሐሰት ነው።

መመለሱና ፍጻሜው

ብሩስ በዲሴምበር 1771 ከጎንደር ተነሥቶ በሰናር በኩል ወረደ። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ አለቁበት፤ መለኪያውን፣ መነጽሮቹን፣ ወረቀቶቹንና ሥዕሎቹን ሁሉ በአሸዋው ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ደረሰ። እዚያም ዐረፍ ሳይል ግመል ለምኖ ተመለሰና የጣለውን ሁሉ አነሣ። ባሉጋኒ የሣላቸው ቅጠሎችና አበቦች ለዓለም የተረፉት በዚህ ድፍረት ነው፤ ይህን ውለታ መካድ ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ከእርሱም ጋር የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ወጣ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለኦክስፎርድ ሰጠ፤ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ይህ መጽሐፍ በአውሮፓ በምሉ ጠፍቶ የኖረ ስለ ሆነ፣ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጕመው ሊቃውንትን አስደነቀ። በበረሃ ተቅማጥ በያዘው ጊዜ ያዳነውን ዋጊኖስ የተባለ ቍጥቋጦ ፍሬም አስተዋወቀ፤ ተክሉም በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ ተባለለት።

በ1774 ለንደን ሲገባ ግን የጠበቀውን ክብር አላገኘም። ጥሬ ሥጋ ስለሚበላበት ግብርና ስለ ጎንደር ጦርነት የተናገረውን ሰዎች ተረት አደረጉት። የሎቦን መጽሐፍ በወጣትነቱ የተረጐመው ስመ ጥሩው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ አላመነውም። ብሩስ ተቈጥቶ ወደ ርስቱ ገባ፤ በ1776 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ መጽሐፉንም ሳይጽፍ ዘገየ። ይህች ሚስቱ በ1785 ከሞተች በኋላ ነው ሥራውን የያዘው፤ አምስቱ ትላልቅ ጥራዞችም በ1790 ታተሙ። ከጉዞው ከተመለሰ 16 ዓመት አልፎ ነበር። ብዙውን በቃል እያስጻፈ፣ የዕለት ማስታወሻውን ሁልጊዜ ሳያመሳክር ስለ ሠራው፣ ቀኖች ተምታቱ፤ ንግግሮች አማሩ፤ ራሱም ከነበረው በላይ ጐላ።

ካሜራ ያዦች ይህን ከሥራቸው ያውቁታል። የደበዘዘውን ሥዕል በኮምፒዩተር ለማጥራት ሲሞክሩ መሣሪያው የሚያደርገው የጠርዙን ጥቁር ማጥቆር፣ ነጩን ማንጣት ነው። ዓይን የጠራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቅጽበት ያልተያዘ ቅንጣት ከየትም አይመጣም። ማስታወሻም እንዲሁ ነው፤ በዕለቱ ያልተመዘገበ ነገር ከ16 ዓመት በኋላ ሲጻፍ የሚጐላው ጠርዙ ብቻ ነው።

በኋላ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኙ ሰዎች፣ ከእነርሱም ሄንሪ ሶልት፣ የብሩስን ስሕተቶች አጋለጡ፤ ይሁን እንጂ ሐሰት ተብሎ የተሳቀበት ብዙ ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ። ብሩስ ይህን ለማየት አልታደለም። በኤፕሪል 1794 አንዲት እንግዳ ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ በማግሥቱ በ27 ቀን በ63 ዓመቱ ሞተ። የበረሃ ጥማት፣ የመርከብ መሰበር፣ የጎንደር ጦርነት ያልገደሉት ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ሞተ። በላርበርት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሁለተኛ ሚስቱ አጠገብ ተቀበረ፤ የመቃብሩም ሐውልት በካሮን ፋብሪካ ከብረት የተሠራ ነው። ፎቶግራፍ ለዓለም በይፋ የተገለጠው እርሱ ከሞተ 45 ዓመት በኋላ በ1839 ነው።

ከዚህ የምንማረው

ይህ ታሪክ ለተማሪና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሚነግረው ነገር አለ። በየወረዳው ተልኮ መንገድ የሚለካ፣ ሕዝብ የሚቈጥር፣ ጉድጓድ ቆጥሮ ሪፖርት የሚጽፍ ወጣት ሁሉ በአንድ በኩል ካሜራ የያዘ ሰው ነው። ከቢሮው ሆኖ የሚያነበው አለቃ ስፍራውን አላየም፤ የሚያየው የተላከለትን ሥዕል ነው። እንግዲህ ወጣቱ በጢስ ዓባይ ፊት እንደ ቆመው ብሩስ በእንጨትና በግምት ይለካል፣ ወይስ በግሽ እንደ ቆመው ብሩስ መሣሪያውን ተክሎ፣ ታግሦ፣ ደጋግሞ ይለካል? በዕለቱ ይጽፋል፣ ወይስ ሲመቸው ያስታውሳል? አብሮት የደከመውን ባልንጀራ ስሙን ያኖራል፣ ወይስ እንደ ባሉጋኒ ከሥዕሉ ያወጣዋል?

ለጥርት ያለ ሥዕል የረጋ እጅ፣ የተመጠነ ቀዳዳ፣ የተለየ ነጥብና ንጹሕ ሌንስ ያስፈልጋሉ፤ እነዚህን ማንም በልምምድ ያገኛቸዋል። ብሩስ እነዚህን ሁሉ በእጁ ይዞ ነበር። የጐደለው በምንጩ ዳር አብሮት የቆመውን ሰው ለማሳየት ፈቃደኛ መሆን ነበር፤ በዚህም ምክንያት ዝናው እስከ ዛሬ ከነእድፉ ይነገራል። ሣጥኑን ከእርሱ እንውሰድ፤ ድፍረቱንም እንውሰድ፤ ወደ ጢስ ዓባይ ስንወርድ ግን መቆሚያውንና መጥረጊያውን ጨርቅ ይዘን፣ ከሥዕሉ በታችም የሠራውን ሰው ስም ሁሉ ጽፈን እንመለስ።